ከሰንበት በፊት ያላለቀው ቅጂ

ይህን የማወጋችሁ ነገር የደረሰው ሥራዬን ልተወው ቆርጬ በነበረበት ሰሞን ነው። ደክሞኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳ እንኳ ያልተኛሁ ያህል ይከብደኝ ነበር። ቀን ቀን እዚሁ እስራኤል አገር፣ ረሖቮት ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት እሠራለሁ፤ ድስት አነሳለሁ፣ ትሪ እደረድራለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ክርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ወዳለው ሚክላት እወርዳለሁ። ሚክላት ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበት ምድር ቤት ነው። በሰላሙ ጊዜ ባዶውን ስለሚውል የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ፈቅዶልኝ ድምፅ መቅጃ አድርጌዋለሁ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የመንገዱ ጫጫታ አይገባም። ሲረን ሲጮህ ግን ጎረቤት ሁሉ የቤት ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ማይኬ ሥር ይኮለኮላል፤ አንዳንዱም በዚያው ሊዘፍንበት ይሞክራል።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ባሌ ነው። በየሰርጉ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ትቶኝ ሲሄድ ኪቦርዱን ይዞ ሄደ፤ ሚክሰሩንና ማይኮቹን ግን ተወልኝ። አዝኖልኝ ሳይሆን ከብደውት ይመስለኛል። እኔም ሁለቱን ሴት ልጆቼን እያሳደግኩ፣ እነዚያን ዕቃዎች እየነካካሁ ሥራውን ለመድኩ። የሰርግ ዘፈን የሚያስቀዳውም፣ የእናቱን ድምፅ ማስቀመጥ የሚፈልገውም ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ልጆቼ አድገው ከቤት ወጡ። እኔ ግን ከወጥ ቤት ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት ወደ ወጥ ቤት ስመላለስ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻም ዕቃዬን በሙሉ የሚገዛኝ አንድ የቤኤር ያዕቆብ ጎረምሳ አገኘሁና "ከመጪው በዓል በኋላ መጥተህ ውሰደው" አልኩት። ምንም አላዘንኩም፤ እንዲያውም ቀለለኝ።

ሊያት የደወለችልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ሊያት የቄስ ውበቱ የልጅ ልጅ ናት። ቄስ ውበቱን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ከጎንደር ገጠር ከመጡት የቤተ እስራኤል ካህናት አንዱ ናቸው፤ ጸሎት ቤት ውስጥ ድምፃቸው ሲወጣ ውጭ ቆሞ የሚያወራው ሰው ወሬውን ያቋርጣል።

"ፈንታነሽ" አለችኝ፣ "ሳባ እሑድ ኒቱአሕ አላቸው።" አያቴ ቀዶ ሕክምና አላቸው ማለቷ ነው። "ጉሮሯቸው ላይ ያለውን ነገር ሊያወጡላቸው ነው። ሮፌው ምን አለን መሰለሽ፣ ከዚያ በኋላ በአንገታቸው ቀዳዳ ነው የሚተነፍሱት፤ ድምፅ አይኖራቸውም።" ሮፌ የምትለው ሐኪሙን ነው።

"እኔን! ሰርግሽስ?"

"ሰርጌ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እናስቀድመው ብለን ስንት አዳራሽ ለመንን መሰለሽ፤ የለም። ሳባ ሳይመርቁኝ እንዴት አገባለሁ? ምርቃታቸውን ቅጂልኝና አዳራሹ ውስጥ እናሰማው። ብቫካሻ፣ እባክሽ ፈንታነሽ።"

የእኛን ሰርግ ታውቁታላችሁ። ምግቡ ቢያንስ፣ ዘፋኙ ቢቀር ሰው ይረሳዋል። የቤቱ ሽማግሌ ተነስቶ ካልመረቀ ግን ሙሽራዋ ራሷ የተዳረች አይመስላትም። እሺ አልኳት። በልቤም የመጨረሻ ሥራዬ ይሁን ብዬ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዲስኩ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ድሮ የምቀዳበት ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበር። ሲሠራ እዝዝ ይላል። ማይክ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ ሰው ቀስ ብሎ ሲናገር ያንን እዝዝታ ከሥር ይዞት ይመጣል። ስለዚህ ቆጥቤ ኤስ ኤስ ዲ የሚሉትን ገዛሁ። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ቢወድቅም ቶሎ አይጎዳም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፅ አያወጣም። መብራት እንኳ የሌለውን ነው የመረጥኩት፤ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ዘፋኝ ሲያዘናጋ ስላየሁ። መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ነገር ነው። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ የምቀዳበት፣ አንዱ የማስቀምጥበት። ፎርማት ሳደርጋቸው ማክ ያለውም ዊንዶውስ ያለውም እንዲያነባቸው ለሁለቱም የሚሆነውን ዓይነት መረጥኩ፤ ደንበኛዬ የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅማ። ይህ ዓይነቱ አንድ ድክመት አለበት። እየተጻፈበት ሳለ ኤሌክትሪክ ድንገት ከተቋረጠ፣ የቱን የት እንዳስቀመጠ ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ ቀድቼ እንደጨረስኩ ወዲያው ወደ ሁለተኛው እገለብጣለሁ፤ ቅጂው እስኪያልቅም ገመድ የሚባል አልነካም።

ቄስ ውበቱ ደረጃ መውረድ ስለማይችሉ ዕቃዬን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። ሐሙስ ዕለት ጸሎቶቹን ቀዳን። በግዕዝ ያዜማሉ፤ መሀል ላይ ደግሞ ትርጉሙን እሳቸውም በደንብ የማያውቁት የአገውኛ ቃል ይገባል። ጉሮሯቸው እያመማቸው፣ ሞቅ ያለ ውሃ ፉት እያሉ ጨረሱት። ሁሉንም ወደ ሁለተኛው ዲስክ ገለበጥኩ።

"አባ፣ ምርቃቱንም በዚያው እንቅዳው?" አልኳቸው።

"አሜን የሚል የት አለና?" አሉኝ። "ለመሣሪያ አልመርቅም፣ ልጄ። ምርቃት የሚጸናው ሰው ሲቀበለው ነው። ልጆቹ ነገ ይምጡ።"

ነገ ማለት ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ በእሳቸው ቤት ቀልድ የለም። ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ሰንበትን እንደ አገር ቤት ነው የሚያከብሩት። አገር ቤት ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በየምድጃው ያለው ፍም ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ሰንበት እሳት ባለበት ቤት አትገባም። እዚህ ከመጣን ወዲህ ሻማ የሚያበራው፣ ምግቡን ማሞቂያ ላይ የሚተወው ብዙ ነው። እማማ ግን ኤሌክትሪክም እሳት ነው ይላሉ። ዓርብ ሲመሻሽ በሩ አጠገብ ያለውን የመብራት ሳጥን ከፍተው ዋናውን ማጥፊያ ቀጭ ያደርጉታል። የሚተርፈው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ ልጃቸው ይርጋ በሌላ መስመር አስቀጥሎላቸዋል፤ ለሱም ስንት ተጨቃጭቀው ነው።

ይህን ስለማውቅ ቤተሰቡ በጊዜ እንዲመጣ ለምኜ ነበር። አልሆነም። ሊያትና እጮኛዋ ከቤኤር ያዕቆብ ሲመጡ መንገዱ ተዘጋጋባቸው። ይርጋ ከሥራ ዘገየ። የቀሩት አንድ በአንድ፣ ምግብ የያዘው ምግቡን፣ ልጅ የያዘው ልጁን ይዞ ይገባል። እኔ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ግድግዳው ላይ የምትወርደውን ፀሐይ አያለሁ። እማማ ጥሩነሽ ቤታቸውን አጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ በየደቂቃው ብቅ ይላሉ።

"ልጄ፣ አልጨረሳችሁም?"

"አልጀመርንም እማማ። አሁን ያልቃል፣ እሺ፣ ቤሰደር?"

"ቤሰደር ቤሰደር ትላለች፤ ፀሐይዋ እንደሆነች አትጠብቀንም" እያሉ ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ሊያት ገባች። ሁሉም ተቀመጠ። ቄስ ውበቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። የዚያን ቀን ድምፃቸው ከየት እንደመጣ አላውቅም። በሽታው የሌለባቸው ይመስሉ ነበር። ከአብርሃም ጀምረው፣ አገር ቤት የቀሩትን ሙታን ጠርተው፣ ወደዚህ አገር ሲመጣ በበረሃው መንገድ የቀሩትን ጠርተው፣ ሊያት ላይ ደረሱ። በየመሀሉ ቤቱ ሙሉ "አሜን" ይላል። እኔ ብቻ ዝም። ማይክ አጠገብ የተቀመጠ ባለሙያ ከተነፈሰ እንኳ ቅጂው ይበላሻል። ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ ስንት ዓመት የሰው ሰርግና የሰው ለቅሶ ስቀዳ እንደዚያው ነበርኩ።

ሲያልቅ ሁሉም ተነሳ። ጉልበታቸውን እየሳመ፣ ሰንበት ሳትገባ ቤቱ ለመድረስ እየተጣደፈ መውጣት ጀመረ። እኔ መቅዳቱን አቁሜ ማስቀመጡን አዘዝኩት። ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ፋይል ዲስኩ ላይ እየጻፈ፣ ከሥር ከሥሩም ወደ ሁለተኛው እየገለበጠ ነበር። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ባትሪው አብጦ ስላወጣሁት በግድግዳው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሠራው። ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። ሊያት አቅፋኝ "ቶዳ፣ ቶዳ" እያለች ስታመሰግነኝ ስክሪኑ ጠፋ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀና ስል እማማ ጥሩነሽ የሳጥኑን ክዳን እየዘጉ ነው።

"ምነው እማማ!" የጮህኩት ሳላስበው ነው።

"ምን ሆንሽ ልጄ? አለቀ አይደለም እንዴ? ሰዉ ተነሳ፣ እናንተም ተሳሳማችሁ" አሉ ደንግጠው። "መጥቼ አየሁት እኮ። ትንሿ ዕቃሽ ዝም ብላለች። መብራት የላት፣ ድምፅ የላት። ተኝታለች ብዬ።"

የድሮው ዲስክ ቢሆን እዝዝ ሲል ሰምተው ይጠብቁኝ ነበር። ለዝምታው ብዬ መርጬ የገዛሁት ዕቃ ነው ዝም ብሎ ያሳታቸው።

ይርጋ ነገሩ ገብቶት ወደ ሳጥኑ ተራመደ። "ገና ፀሐይ አለች፣ ላብራው፣ ሬጋ አንድ ደቂቃ…"

"ይርጋ፣ ተው።" ቄስ ውበቱ ናቸው። ድምፃቸው አሁን ሰልሏል። "እናትህ ሰንበትን ተቀብላለች። የገባችን እንግዳ ውጪ አይሏትም።"

"አባ፣ የእርስዎ ድምፅ እኮ ነው የጠፋው!"

"ሰንበት ከድምፄ ትበልጣለች።"

ያን ጊዜ ነው እማማ የገባቸው። ይርጋን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ምርቃቱ ነው? ምርቃቱን ነው ያጠፋሁት?" አሉ። አንድ ሰው እንኳ "አይደለም" ያላቸው አልነበረም። እኔም አላልኩም፤ ዋሽቼ ባጽናናቸው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሰንበት ስለገባች ምንም አልተሸከምኩም። ዕቃዬን እንዳለ በጨርቅ ሸፍኜ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። የዚያን ቅዳሜ ርዝመት አልነግራችሁም። ተኛሁ፣ አልተኛሁም። ያን ዲስክ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ሰክቼ እንደነቀልኩት። አንዴ ደህና ነው እላለሁ፣ አንዴ አለቀለት እላለሁ። በእማማ እናደዳለሁ፣ ወዲያው ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ይታዩኛል። በማላውቀው ምክንያት በቀድሞ ባሌም ተናደድኩ። ከሁሉ የባሰኝ ግን ድካሙ ነው። እሑድ ጠዋት ሽማግሌው ሆስፒታል ይገባሉ፤ ድምፃቸው ተመልሶ አይመጣም፤ እኔ ደግሞ የመጨረሻ ሥራዬን እንኳ በሰላም ልጨርስ አልቻልኩም። አምላኬን "ይህችን ብቻ ጨርሰህ ልቀቀኝ" አልኩት።

ቅዳሜ ማታ ኮከብ ሲታይ፣ ሰንበት ስትወጣ ሄድኩ። ቤቱ ጨለማ ነው። እማማ ጥሩነሽ በሩን ከፍተውልኝ ከሳጥኑ ርቀው ቆሙ። ቀኑን ሙሉ እህል እንዳልቀመሱ ፊታቸው ይናገራል። ማብሪያውን የነኩት ቄስ ውበቱ ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው ሄደው አበሩት።

አስቀድሜ ሁለተኛውን ዲስክ ሰካሁ። የሐሙሱ ጸሎት በሙሉ አለ። ምርቃቱ ግን ገና አልደረሰበትም ነበር። ከዚያ የምቀዳበትን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበና ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብሽ አለኝ። ሁሉን ደምስሺው ማለቱ ነው። እንቢ ብዬ ነቀልኩት።

"ምን አለሽ?" አሉ ቄስ ውበቱ።

"አባ፣ ውስጡ ሊኖር ይችላል። ግን መንገዱ ጠፍቶታል። የሚፈልግ ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ማግኘቱን ግን ማረጋገጥ አልችልም።"

እማማ ጥሩነሽ "ኧረ እኔ ልደፋ! በገዛ እጄ!" ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሲያለቅሱ ይሰማናል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ አዞሩ።

"መሣሪያሽ አሁን ይሠራል?" አሉኝ።

"ይሠራል። ግን አባ፣ ሮፌው ድምፅዎን ያሳርፉ ብሎዎታል።"

"ከነገ ጀምሮ ያርፋል።"

"ልጆቹን ልጥራ እንግዲያው፤ ይርጋ ቅርብ ነው።"

"እስኪሰበሰቡ አልችልም። አንቺ አለሽ።"

"እኔ ሠራተኛ ነኝ አባ። እኔ ድምፅ ካሰማሁ ቅጂው ይበላሻል።"

"እንግዲያው እኔም አልመርቅም" አሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ። ቄስ ሲገግም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምንም ማድረግ አይቻልም።

ማዳመጫዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ያለ ማዳመጫ ስቀዳ የመጀመሪያዬ ነው። ማይኩን አስጠግቼ ከፊታቸው ተቀመጥኩ።

እንደ ዓርቡ አልነበረም። ድምፃቸው ይቆራረጣል፣ ይስላሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። ሙታንን አልጠሩም። በቀጥታ ሊያት ላይ ገቡ።

"ሊያት ልጄ፣ ጎጆሽ የሞላ ይሁን።"

"አሜን" አልኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ፤ ደርቆ፣ ዝጎ ነበር።

"የወለድሽው ይባረክ። ደጅሽ ሰው አይጣ።"

"አሜን።"

ትንሽ አረፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉት፤ ወጥ ቤት እንዲሰማ ነው። "ለእኔ አምላክ ሰንበትን የምትጠብቅ ሴት ሰጥቶኛል። አገር ቤት እሳቱን ያጠፋችው እሷ ናት። በረሃ ላይ ቀኑ ሲጠፋን ዛሬ ሰንበት ናት ብላ ያስቀመጠችን እሷ ናት። እዚህም አገር፣ ሁሉ ሲረሳ፣ ያልረሳችው እሷ ናት። ሊያት፣ ለባልሽ እንደ እሷ ሁኚለት። መብራቱን ያጠፋችው እጅ የተባረከች ትሁን።"

"አሜን" አልኩ፤ አለቀስኩም። እማማ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው አሁንም አፋቸው ላይ ነው። አሜን እንዲሉ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይገባኝም ማለታቸው ነው።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፈቱና ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም የሰውን ድምፅ ስትጠብቂ የኖርሽ፣ ያንቺን የሚሰማ አያሳጣሽ" አሉኝ። ለዚህኛው የሚመልስ ሌላ ሰው ስለሌለ አሜኑን ያልኩት ራሴ ነኝ። ይህችን ከሰርጉ ቅጂ ቆርጬ አስቀርቻታለሁ። የኔ ናት።

እሑድ ሆስፒታል ገቡ። በሽታውን አወጡት፤ ድምፃቸውም አብሮ ሄደ።

እኔ ግን የተበላሸውን ዲስክ አልተውኩትም። ምንም ሳልጽፍበት፣ ከሥራ ስመለስ ሚክላት ውስጥ ፕሮግራሙን ከፍቼ እያንዳንዷን ጥግ አስፈለግኩት። ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ስል የዓርቡ ምርቃት አንድ ሳይጎድል ወጣ። ያ ሙሉ ድምፅ፣ ያ ሁሉ አሜን። ከደስታዬ ብዛት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ለሊያት ነግሬያት አብረን ሄድን። እማማን ገና በር ላይ "ተገኘ እማማ! ምንም አልጠፋም!" አልኳቸው።

"ተመስገን" አሉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። "ሁለተኛ ያስደከምኩት ግን እኔ ነኝ። በማግስቱ ሊቀደድ ያለ ጉሮሮ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቄስ ውበቱ አንገታቸው ላይ ጨርቅ አስረው አልጋ ላይ ተደግፈዋል። ማዳመጫውን አደረግኩላቸውና የዓርቡን አሰማኋቸው። ፈገግ አሉ። ከዚያ የቅዳሜውን። ፈገግ አላሉም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ማዳመጫውን አውልቀው ሁለት ጣት አወጡ። ሁለተኛው ማለታቸው ነው።

"ሳባ፣ ያኛው እኮ ይሻላል!" አለች ሊያት። "ሁላችንም አለንበት። በዚህኛው ይስላሉ፤ አሜን የምትለውም ፈንታነሽ ብቻ ናት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ "ያላ፣ በይ አንቺ ንገሪያቸው። ባለሙያ ነሽ።"

ባለሙያ ነኝ። የዓርቡ ንጹሕ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ ወጥ ቤቱ አመለከቱን። ሳህን ሲታጠብ ይሰማል። ሊያት ያኔ የቅዳሜውን እስከ መጨረሻው አልሰማችውም ነበር። ማዳመጫውን አድርጋ ስለ ሴት አያቷ እጅ የተባለው ላይ ስትደርስ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

በሰርጉ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ድምፅ ማጉያውን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። መብራቱ ቀነስ ሲደረግ ምርቃቱን ለቀቅነው። ያ የሚስል፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ሲወጣ ጫጫታው ሁሉ ቆመ። ቄስ ውበቱ ተነስተው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከማጉያው የኔ የደረቀ አሜን ሲወጣ አዳራሹ ተከተለው። ድምፁ "መብራቱን ያጠፋችው እጅ" ሲል አጠገባቸው የተቀመጡት እማማ ጥሩነሽ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። የመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያህል ወደ ባላቸው ቀና ብለው አዩ። እሳቸውም አዩዋቸው፤ ጠበቁ። "አሜን" አሉ እማማ፣ ከሰው ሁሉ ዘግይተው፣ ከሰው ሁሉ ጮክ ብለው። ቄስ ውበቱም ያኔ ተቀመጡ።

እንግዲህ እስከዚህ የተከተላችሁኝ ወገኖቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ስለ ዲስክ የምመክራችሁ አለኝ። እየተጻፈበት ያለ ዲስክ ከኤሌክትሪክ አታላቅቁት፤ ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ ጠፋ ሲላችሁ ቶሎ አትደምስሱት። ስለ ራሴ ግን የምለው ጥቂት ነው። ለቤኤር ያዕቆቡ ጎረምሳ ደውዬ ዕቃውን አልሸጥም አልኩት። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ይህን የምጽፍላችሁ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። ግን ሽማግሌ ሲመርቅ ማዳመጫዬን አወልቃለሁ፤ አሜንም እላለሁ። ንጹሕ ቅጂ የፈለገ ደንበኛ ሌላ ቦታ ይሂድ። የዓርቡ ምርቃትም፣ ያ ንጹሑ፣ ሁለቱም ዲስኮቼ ላይ በደህና ተቀምጧል። እስከ ዛሬ ስጪን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።